ስምንተኛው ሺህ እና ሦስቱ ሚሊዮን

ከየካ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣራው ወርዷል፣ ግድግዳው ቆሟል። ዓለቱ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሮ እንጦጦን የሠራው ድንጋይ በጂኦሎጂ ባለሙያዎች ልኬት ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መሮና መዶሻ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን የፈለፈሉት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ኖሮ ይስቁ ነበር። የዓለምን ዕድሜ ያውቁታልና። ያውም በግምት ሳይሆን ቆጥረው።

ቁጥሩ ዛሬም አለ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን መደመር ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የዘመን ቆጠራ ትምህርት የተማረ ሰው ድምሩን ለአራት አካፍሎ፣ ቀሪውን አይቶ፣ ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የማርቆስ፣ የሉቃስ ይሁን የዮሐንስ ይነግራችኋል። ያንኑ ድምር ለአሥራ ዘጠኝ ሲያካፍለው ደግሞ ወደ አጽዋማቱና ወደ በዓላቱ የሚወስደውን መንገድ ያገኛል። ስለዚህ 5500 ለጌጥ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም። ጾሙም ፋሲካውም የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ፍጥረቱን በስድስት ቀን፣ በሃያ ሁለት ፍጥረት ይዘረዝረዋል፤ መምህራኑ አዳም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት መበጀቱን ያስተምራሉ። ይህን ትምህርት ከልጅነቱ የሰማ ሰው ስለ ሰው አፈጣጠር ያልተመለሰ ጥያቄ አለብኝ ብሎ አያስብም።

በዚሁ ቆጠራ ሰባት ሺው ሞልቶ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1500 ዓ.ም. ነው። ልብነ ድንግል ዙፋን ላይ የወጡትም በዚያው ሰሞን ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የግራኝ ጦር ሲነሣና አብያተ ክርስቲያናቱ ሲቃጠሉ ሕዝቡ ቁጥሩን ያስታወሰ ይመስለኛል። ልጅ አባቱን ሲያዋርድ፣ ዝናብ በወቅቱ ሲቀር፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲከዳ እስከ ዛሬ «ስምንተኛው ሺህ!» እንላለን። ይህን የሚል ሰው የዓለምን ዕድሜ እየመሰከረ መሆኑን ልብ አይለውም።

ምኒልክ ወደ እንጦጦ የወጡት በ1870ዎቹ ነው። ጫፉ ላይ የተገኘው ፍርስራሽ የልብነ ድንግል ከተማ ነው ተብሎ ታመነ፤ እንጦጦ ማርያም ተሠራች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እዚያው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዓመተ ዓለም 7382 መሆኑ ነው። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያቀረበው ቻርልስ ዳርዊን ያኔ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ከመሞቱ አሥር ዓመት ገደማ በፊት ስለ ሰው አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ የጥንት ወላጆቻችን የኖሩት አፍሪካ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አስፍሯል። በእጁ አንድም የአፍሪካ ቅሪተ አካል አልነበረም። እንጦጦ ላይ ደግሞ የዳርዊንን ስም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።

የዳርዊንና የዘፍጥረት ጠብ የተጀመረው ሌላ አገር ነው። በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አንዳንድ ፕሮቴስታንቶች የእምነታቸውን መሠረቶች በተከታታይ መጻሕፍት አሳተሙ፤ «ፈንዳሜንታሊስት» የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በቴኔሲ ክፍለ ግዛት፣ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር የሰውን ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። መቶ ዶላር ተቀጣ፤ ቅጣቱ በኋላ በይግባኝ ተሰረዘ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሯቸው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ኢትዮጵያ ገቡ። ከእነሱ ሥራ የኋላዋ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። ወንጌሉን ይዘው ሲመጡ የአገራቸውን ጠብ እቤታቸው ጥለው አልመጡም። ዘፍጥረትን ቃል በቃል ማንበብ ግን ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም፤ ደብተራው ከእነሱ በፊት ሲያነበው ኖሯል። ልዩነቱ፣ ደብተራው የሚያነበው ተቃዋሚ ሳይኖርበት ነበር። ሚስዮናውያኑ ግን ተቃዋሚያቸውን በስም ያውቁታል።

ተቃዋሚው ራሱ በ1943 ዓ.ም. በትምህርት ቤት በር ገባ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት አስተማሪዎቹ በሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ። አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረጉትን ኢየሱሳውያን ባልረሳ አገር የሚያስተምሩ ናቸውና ልብሰ ክህነታቸውን አውልቀው በሱፍና በከረባት ገቡ። ኮሌጁ ከመከፈቱ ከጥቂት ወራት በፊት የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ነፍስ ከእግዚአብሔር መፈጠሯ እስካልተካደ ድረስ የሰው ሥጋ ከቀደመ ሕያው ፍጥረት መምጣቱን መመርመር እንደማይከለከል ጽፈው ነበር። ሳይንሱ ወደ አዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርት ክፍል የገባው በካህን እጅ ነው ማለት ይቻላል። ማንም አልደነገጠም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ነገር ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ በእሱም በኩል ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን አያይዞ በአንቀጽ አስሮታል። የሰሎሞን ትውልድ ደግሞ ተቆጥሮ አዳም ላይ ይደርሳል። የሊኪ ቤተሰብ እንደሚተርከው አፄ ኃይለ ሥላሴ ኬንያን ሲጎበኙ የቅሪተ አካል አጥኚውን ሉዊስ ሊኪን አገኙና፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ የሚወጣው የጥንት ሰው አፅም ከኢትዮጵያ ያልወጣው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ይፈቀድልን እንጂ ይገኛል ሆነ መልሱ። በ1959 ዓ.ም. የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች ኦሞ ሸለቆ ገቡ። የሉዊስ ልጅ ሪቻርድ ሊኪ የመራው ቡድን ኪቢሽ ላይ ያገኛቸው የራስ ቅሎች ዛሬ ከሚታወቁት የሆሞ ሳፒየንስ ቅሪቶች ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በተደረገው ልኬት 195 ሺህ ዓመት፣ በ2022ቱ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ዕድሜ ተሰጥቷቸዋል። ዙፋናቸው በትውልድ ቆጠራ ላይ የቆመ ንጉሥ ትውልድ ቆጠራውን የሚያናጋ ቁፋሮ ፈቀዱ። አርቀው ስላሰቡ ይሁን ስላላሰቡት፣ መልሱን ለእርሳቸው ልተወው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ።

ኅዳር 14 ቅዳሜ ነበር። በዚያ ሌሊት ደርግ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ የቀድሞውን መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች ከርቸሌ ውስጥ ረሸነ። ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ዕለት ሞቱ። «ስድሳዎቹ» እየተባሉ እስከ ዛሬ ይነሣሉ። በማግስቱ ኅዳር 15፣ እሑድ፣ ጾመ ነቢያት ገባ። አዲስ አበባ ሬዲዮው የነገራትን ሰምታ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። በዚያው እሑድ፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በምትባል ቦታ፣ የቅሪተ አካል አጥኚው ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ከገደሉ ጎን የወጣች የክርን አጥንት አዩ። ዙሪያዋን ሲፈትሹ የጭን፣ የጎድን፣ የዳሌና የመንጋጋ አጥንት ተከታትሎ ተገኘ። ተሰብስቦ ሲያበቃ የአንዲት ፍጡር አፅም 40 በመቶ ያህል ሆነ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። አንጎሏ የቺምፓንዚን ያህል ነው፤ ጉልበቷና ዳሌዋ ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ይናገራሉ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ማታ ካምፑ ውስጥ በቴፕ ከሚጫወት የቢትልስ ዘፈን ስሟን «ሉሲ» አሏት። እኛ ድንቅነሽ አልናት። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ስሟ ከሉቃስ ጋር መቀራረቡ ግን እንዲያው ገጠመኝ ነው።

አንድ ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ኅብረተሰባዊነት ታወጀ። ለነገሩ ሁሉ መበላሸት ምክንያት የምለው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። አሜሪካዊ ልጅ ዝግመተ ለውጥን ከባዮሎጂ መምህሩ አፍ ሰማው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን፣ በተለይ ትምህርት ቤት ያልዋለው፣ ከካድሬ አፍ ሰማው። በየቀበሌው በውይይት ክበብ የኤንግልስ ሐሳብ ተሰበከ፤ ሰውን ከዝንጀሮነት አውጥቶ ሰው ያደረገው ሥራ ነው ተባለ። ይህ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታስረዋል፣ የሙሉ ወንጌል አማኞች ተበትነው በየቤቱ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከመንገድ ታፍነው ተገደሉ፤ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የት እንደተቀበረ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን ያየ አማኝ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» ሲባል ምን ይሰማዋል? ሳይንስ አይሰማውም፤ ጠመንጃ ያነገተው ሰው ድምፅ ነው የሚሰማው። ሳይንሱ እንዲያ አይልም ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ዝንጀሮና ሰው እንደ ሩቅ ዘመድ ናቸው፣ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው፣ አንዱ ከአንዱ ወጣ አይልም። ይህን ማስረዳት የነበረበት ሰው ግን ያኔ ዕድሉን አላገኘም።

ደርግ ወደቀ። የተዘጉ አዳራሾች ተከፈቱ፣ የታፈነው ሁሉ ድምፅ ማጉያ ገዛ። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ከመቶ አሥር ገደማ ነበር፤ በ1999ኙ ከ18 በመቶ በላይ ሆነ። በኮተቤና በሲኤምሲ በኩል ያለውን መንገድ እሑድ ጠዋት የሄደበት ሰው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በጆሮው ያውቀዋል። በአንድ በኩል የቅዳሴው ድምፅ፣ በሌላው በኩል የመዝሙሩ። በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በዳርዊን ነገር ግን አንድ ናቸው።

በዚያው ዘመን አፅሙም አላቆመም። ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በመካከለኛው አዋሽ አርዲ የተባለችውን አፅም በ4.4 ሚሊዮን፣ የሄርቶን የራስ ቅል በ160 ሺህ ዓመት አስመዘገቡ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን አፅም አገኙ፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት፣ ስሟም ሰላም። የድንቅነሽ ዝርያ ናት። በሰላሳ ዓመት ውስጥ ግኝቱ ከፈረንጅ እጅ ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ መዞሩ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

የየካውን የኮተቤ መምህራን ማሠልጠኛ ማንሣት ግን ግድ ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ የባዮሎጂ መምህራን ብዙዎቹ ያለፉት በኮተቤ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለ12ኛ ክፍል የታተመው የባዮሎጂ መጽሐፍ ዝግመተ ለውጥን በአንድ ሙሉ ምዕራፍ ያስተምር ነበር። ምዕራፉ የሚጀምረው ግን ስለ ሕይወት አመጣጥ የተሰጡ አስተሳሰቦችን በመደርደር ነበር፤ ከእነሱም መሐል ልዩ ፍጥረት የሚለው ነበረበት። ፈጣሪን ከላቦራቶሪ ጎን በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ለሃይማኖቱም ለሳይንሱም ክብር የሚሆን አይመስለኝም፤ ለመምህሩ ግን መውጫ ሰጥቶታል። «ይህን ለፈተና ያዙት፤ እምነታችሁ የራሳችሁ ነው» ብሎ ያለፈ መምህር ያልገጠመው ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም ገጥሞኛል። ፈተናው ላይ 3.2 ሚሊዮን ጻፍኩ፣ እሑድ 5500 አልኩ፤ በሁለቱም ልክ ነህ ተባልኩ።

ጎረቤት አገር እንዲህ በዝምታ አልታለፈም። በ1998 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ጳጳስ ቦኒፌስ አዶዮ የተባሉ የጴንጤቆስጤ መሪ የናይሮቢ ሙዚየም ቅሪተ አካላቱን ወደ ጓዳ እንዲያስገባ ዘመቻ ከፈቱ፤ ሪቻርድ ሊኪም ተነሥቶ መለሰላቸው። እዚህ ድንቅነሽ አምስት ኪሎ ሙዚየም ምድር ቤት ቅጂዋ ተዘርግቶ፣ እውነተኛው አፅም በካዝና ተቆልፎ፣ ሃይማኖተኛውም እየመጣ ያያታል። የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ሉሲ ይባላል። የማናምንባት ዘመዳችን ሆናለች።

ጠቡ በእውነት የተነሣው አጥንት ላይ አይደለም። እንጦጦ ላይ፣ በሕያው ሰው ሥጋ ላይ ነው።

ኤድስ አገራችን ውስጥ መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪም «ወደ ቤትህ ሂድ» ያለው ሰው ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወጣ። ቤተሰብ የሸሸው፣ አከራይ ያስወጣው እዚያ ደረሰ። ሌሊት ተነሥቶ በብርድ ተጠምቆ፣ እምነት ተቀብቶ፣ ቆሎ ቀምሶ ሱባኤ የገባው ጸበልተኛ በሺዎች ሆነ፤ በዳገቱ ዙሪያ የጭቃ ክፍል የሚያከራይ ሰፈር በቀለ። ይህን ለማቃለል የሚደፍር ካለ እኔ አብሬው አልቆምም። ሌላው ሁሉ በሩን ሲዘጋ ያልዘጋው እንጦጦ ነበር።

በጥር 1997 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪው መድኃኒት በነፃ መታደል ጀመረ። ሕዝቡ «የዕድሜ ማራዘሚያ» አለው። ጥያቄውም መጣ፤ ጸበል እየጠጡ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል አይደለም ወይ? አንዳንድ አጥማቂዎች ነው አሉ። ጸበሉ በባዶ ሆድ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ፤ ጾሙ ወዲህ፣ ክኒኑ ወዲያ። መድኃኒቱን ጥለው የሞቱ አሉ።

ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሲባዛ ሁሌ ራሱን በትክክል አይገለብጥም፤ ትንሽ እየተዛባ ይለዋወጣል። ክኒኑ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ወይም ሰውየው ጀምሮ ቢያቋርጥ፣ መድኃኒቱን መቋቋም የቻለው ይተርፋል፣ የተረፈው ይራባል። ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ፣ ያለ ማቋረጥ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ዳርዊን የጻፈው ሌላ ነገር አይደለም፤ እሱ በሚሊዮን ዓመት ያለው እዚህ በወራት ይሆናል። ቫይረሱ ራሱ ከቺምፓንዚ ወደ ሰው የተሻገረ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ በጭቃ ቤት ውስጥ የበሽታ መከላከያ ሕዋሷን፣ ሲዲ ፎርን፣ የምትቆጥር እናት ዝግመተ ለውጥን በደሟ ውስጥ ይዛው ነበር። ማንም ግን በስሙ አልጠራላትም፤ ስሙ የካድሬ ስም ነዋ።

በ1999 ዓ.ም. ገደማ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ነገሩን ቆረጡት። ጸበሉም ከእግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው፤ ሁለቱም ይወሰዱ አሉ። ከዚያ በኋላ ክኒኑን በጸበል የሚውጡ ሰዎች ታዩ። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ክርክሩን ያሸነፈ ወገን የለም፤ የዳኑ ሰዎች ግን አሉ።

ያው 1999 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ነሐሴ 25፣ ድንቅነሽ ሂውስተን ሙዚየም ለሕዝብ ታየች። ጉዞውን ብዙ ሳይንቲስቶች ተቃውመውት ነበር፤ ቅዱስ አፅም ስለሆነ ሳይሆን ተሰባሪ ስለሆነ። ከእሷ ጋር የብራና መጻሕፍትና መስቀሎችም አብረው ሄደዋል። ዓለም ከተፈጠረ 7500 ዓመት የሚሉትና 3.2 ሚሊዮን የምትለው በአንድ ትኬት ይታዩ ነበር። ከ12 ቀን በኋላ አዲስ አበባ ሚሌኒየሙን በርችት ስታከብር ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሞላ። ድንቅነሽ የተመለሰችው በ2005 ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ 3200 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ የሕዋ ምርምር ማዕከሉ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቀ። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሰዎች «እህል ሳይኖር ኮከብ» እየተባሉ የደረሱበት ነው። ቄሶቹ አልተቃወሙም። ለምን ይቃወማሉ? የፀሐይን በሮች የሚቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ብቻ ጥርት ባለ የጥቅምት ሌሊት ከዚያ ጫፍ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ያየ ሰው፣ ዓይኑ ላይ ያረፈው ብርሃን ከመነሻው የወጣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ አፋር ጎና ላይ ድንጋይ እየፈለጡ ስለት የሚያወጡ እጆች ሥራ ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ።

በ2008 ዓ.ም. አገሪቱ የቱሪዝም መፈክሯን ለወጠች። አሮጌው «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የባሕረ ሐሳቡ ልጅ ነበር፤ አዲሱ «ምድረ ቀደምት» የአጥንቱ ልጅ ነው። ለውጡን የሰማ ሁሉ ስለ ውበቱ ተከራከረ። ስለ ትርጉሙ የተከራከረ ሰው አልገጠመኝም።

ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ድንቅነሽና ሰላም ፕራግ በሚገኘው የቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ቀረቡ፤ ለ60 ቀን። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት እንጦጦ ማርያምም የካ ሚካኤልም አዲሱን ዘመን ተቀበሉ፤ ዓመተ ዓለም 7518፣ ዘመነ ማርቆስ። ሁለቱ አፅሞች ያን ዕለት አገር ውስጥ አልነበሩም።